የፈድሊያ ግራ ጆሮ

አልዓዛር አጵሎስ ለቃለ መጠይቅ የገባው ከንፈሩ በሦስት፣ ቅንድቡ በአራት ክር ተሰፍቶ ነው። ጅማ ውስጥ ከጅሬን ተራራ ግርጌ ባለው የግል ትምህርት ቤታችን አስተማሪ በሚቀጥረው ኮሚቴ ውስጥ እኔም እዚያው እያስተማርኩ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ፈርቶ አንደበቱ የተሳሰረ አይቻለሁ፣ ድፍረት እንዲሆነው ሁለት መለኪያ ጠጥቶ የመጣ አይቻለሁ። እንደዚያ ተቀጥቅጦ የመጣ ግን አላየሁም። የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ግራ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። በአንድ ዓይኑ እያየን «እንደምን አደራችሁ» አለ።

ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ አበራሽ የመኪና አደጋ የደረሰበት መሰላቸውና «ምነው፣ ሌላ ቀን ቢመጡ?» አሉት።

«አደጋ አይደለም፤ ተደብድቤ ነው» አላቸው። «ዛሬውኑ ጠይቁኝ።»

ያን ቀን የነገረንን፣ ከወራት በኋላም ሻይ ቤት ተቀምጠን የጨመረልኝን አንድ ላይ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

አባቱ አጵሎስ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው በአንድ ትልቅ እርሻ ካምፕ የቀረ ሰው ነበር። ካምፑ ተደርድረው የተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ ቤት የተመታ ልጅ አምስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ሰውየው እሑድ በጸሎት ቤት መዝሙር ሲመራ ሴቶቹን ያስለቅሳል። በሥራ ቀን ደግሞ በሩ ጀርባ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ አለንጋ ይሰቅላል። ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ልጆቹ ግን ተምረው ከዚያ ካምፕ እንዲወጡለት አጥብቆ ይፈልግ ነበርና ማታ ከእርሻ ሲመለስ አልዓዛርን አቁሞ የማባዛት ሰንጠረዥ በቃሉ ያስወጣዋል። ሰንጠረዡ ደብተር ጀርባ ላይ አለ። ደብተሩን የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ተስፋነሽ ናት፤ «ትክክል» ወይም «ስሕተት» የምትለው እሷ ናት። ስሕተት ካለች አለንጋው በወንድሟ ጀርባ ላይ ያርፋል።

አንድ ቀን አዘነችለትና ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ አራት ሲል «ትክክል» አለች። አባትየው በማግስቱ የቡና ሚዛን ያዡን ጠይቆ አረጋገጠ። ቤት ገብቶ አንድ ቃል ሳይናገር በአለንጋው እጀታ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ ከግማሹ ተሰብሮ ከወለሉ ላይ ወደቀ። አልዓዛር ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሷ አሥራ ሦስት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁጥር አልሳተም።

ሒሳብ እንዲያ ገባው። በሒሳብ ዲፕሎማውን ይዞ ከሸቤ ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እንዲያስተምር ተመደበ። ኦሮምኛውን በካምፑ አፉን የፈታበት ስለሆነ ለማስተማር አልቸገረውም። የቸገረው ሌላ ነው። በክፍሉ ስድሳ ሁለት ልጅ ነበር። በገባ በሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የቡና ቅርንጫፍ ቆርጦ ላጠ። የቡና እንጨት ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ማንም ምንም አላለውም፤ እንዲያውም ርእሰ መምህሩ «ክፍልህ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ አመሰገነው።

ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ ልጆቹ ግማሹ ለቀማ ይውላሉ። ፈድሊያ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ማክሰኞ ረፍዶባት፣ ጣቶቿ በቡና ጭማቂ ጠቁረው ገባች። ከመቀመጧ ጓደኛዋ አንድ ነገር ሹክ ስትላት ሳቀች። አልዓዛር ጠመኔውን አስቀምጦ ሄደና በመዳፉ ግራ ጆሮዋን አጮላት። ልጅቷ ከአግዳሚው ተንሸራታ ወደቀች፤ ስትነሣ ከጆሮዋ ቀጭን ደም በአንገቷ ወርዶ ሻርፗ ውስጥ ገባ።

«ከዚያ ምን አደረግህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ» አለኝ። «ክፍልፋይ ነበር የማስተምረው። ጨረስኩት።»

ከቀትር በኋላ የልጅቷ ወንድም ኡመይር፣ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ ከሰባት ስምንት ሰው ጋር ዱላና ገጀራ ይዞ መጣ። ርእሰ መምህሩ አልዓዛርን በጓሮ መስኮት አስወጣው። የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻውን መታው፤ ሁለተኛው ጀርባውን። በቡናው መሐል እየተጋጨ፣ ቅርንጫፉ ፊቱን እየቧጨረው ሮጦ መንገዱ ላይ ወጣና የጭነት አይሱዙ ላይ ተንጠለጠለ። ቦርሳውን እንኳ ተመልሶ አልወሰደም። በመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ የተጻፈለት «በራሱ ፈቃድ ሥራውን ለቋል» የሚል ነው።

ስድስት ዓመት ጅማ ተቀመጠ። አባቱ በመሐሉ ሞተ። አልዓዛር ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከእኅቱ ጋር በአንድ ክፍል ቤት እየኖረ፣ በአንድ የቡና መጋዘን የጆንያ አፍ ይሰፋ ነበር። ተስፋነሽ በአንድ ኮሌጅ ወጥ ቤት ትሠራለች። በየዓመቱ «የማስተማር ማስታወቂያ ወጥቷል» ስትለው ሰበብ ይፈጥራል። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አስተማሪያችን በድንገት ለቀቀና ማስታወቂያ ስናወጣ ሳትነግረው ማስረጃውን ይዛ መጥታ አስመዘገበችው። ረቡዕ ስልክ ደወልንለት፤ ለሰኞ ቀጠርነው።

ሐሙስና ዓርብ ተዘጋጀ። ለሙከራ ትምህርቱ የአምስተኛ ክፍል እቅድ ጻፈ፤ ከጸሎት ቤት ጓደኛው ኮት ተዋሰ። በቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃሉ የተባሉ ጥያቄዎችን ከመምህራን ለቃቅሞ በአንድ ወረቀት ጻፈና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለእኅቱ ሰጣት። ተስፋነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ቆሞ፣ ልክ እንደ ድሮው ትጠይቀው ጀመር።

«ቀድሞ ይሠሩበት የነበረውን ትምህርት ቤት ለምን ለቀቁ?»

«የተሻለ የመማር ዕድል ፍለጋ።»

ቀና ብላ አየችው። ወደሚቀጥለው ወረደች። «ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲረብሽ ምን ያደርጋሉ?»

«በመጀመሪያ በግል እመክራለሁ። ከዚያ ከወላጅ ጋር ሆኜ እከታተላለሁ። አካላዊ ቅጣት የተከለከለ ነው፤ እኔም አላምንበትም።»

«ስሕተት» አለች ተስፋነሽ።

«ምን?»

«ስሕተት ነው ያልሁህ። የልጅቷን ጆሮ ያፈሰስከው መክረህ ነው?»

ነገሩን እንደምታውቅ አላወቀም ነበር። ከሸቤ የመጣች የወጥ ቤት ባልደረባዋ ከዓመታት በፊት ነግራት ኖሯል። «ወረቀቱን ስጪኝ» አላት።

«አልሰጥህም። አባባ እንኳ እመታለሁ ብሎ ይመታ ነበር። አንተ አለንጋውን ከመዝሙሩ ጀርባ ደብቀህ...»

እጁ መቼ እንደተነሣ አያውቅም። ጥፊው አንገቷን አዞረው፤ ራሷ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ወረቀቱ ግን ከእጇ አልወደቀም።

ተስፋነሽ አላለቀሰችም። ጉንጯ ላይ አራት ጣት እየቀላ፣ ሌላውን ጉንጯን አዞረችለት። «ይሄኛውን ጆሮ ደግሞ ትተኸዋል» አለችው። «ምነው? ጨርሰው እንጂ!»

አልዓዛር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ስማኝ» አለችው። «ነገ ሄደህ ያቺን ልጅ ታያታለህ። ካልሄድክ ሰኞ እኔ ራሴ ትምህርት ቤቱ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። በጌታ ስም እልሃለሁ፣ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ፣ በአንድ ትሪ እየበሉ፣ ቃል አልተናገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ ሸቤ ወረደ፤ ከዚያ በእግሩ ሄደ። እንደ መጀመሪያ ጊዜው ሁሉ ቡናው ቀልቶ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ለራሱ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ቢመቱኝም እጄን አላነሣም።

ኡመይር ከቤቱ ፊት፣ የሽቦ ወንፊት በተዘረጋባቸው የማድረቂያ አልጋዎች መሐል ቆሞ በእንጨት መገልበጫ ቡና ያገላብጥ ነበር። አሁን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ደረቱ ሰፍቷል። አላወቀውም። «ማል በርባዳ?» አለው፤ ምን ትፈልጋለህ እንደማለት።

አልዓዛር በኦሮምኛ መለሰ። «ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር የነበርኩት እኔ ነኝ። ፈድሊያን ፈልጌ ነው።»

ኡመይር ፊቱን አተኩሮ አየውና አወቀው። ከዚያ መገልበጫውን በሁለት እጁ አንሥቶ አወረደው። የመጀመሪያው ምት ቅንድቡን ሰንጥቆ ዓይኑን በደም ሞላው። ሁለተኛው አፉን አገኘው። አልዓዛር ተንበረከከ፤ እጆቹን ወደ ኋላ ይዞ ነበር። ሦስተኛው ጎኑ ላይ ሲያርፍ ግን ያ ሁሉ የመንገድ ላይ ስለት ተነነ። ዘልሎ ኡመይርን ወገቡን ያዘ፤ ሁለቱም አልጋው ላይ ወደቁ። ችካሎቹ ተሰበሩ፤ ቀዩ ቡና እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። በቡናው ላይ እየተንከባለሉ ተቧቀሱ። አልዓዛር የኡመይርን ትንሽ ጣት አግኝቶ ወደ ኋላ አጠፈው፤ ሲሰበር ሰማው። ከዚያ ከላይ ሆኖ ጉሮሮውን ያዘ።

«ደስ አለኝ» ብሎኛል፣ ሻይ ቤት ውስጥ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሣ። «እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። ዓይኑ ሲፈጥ ደስ አለኝ። አባቴም እንዲህ ደስ ይለው እንደነበረ ያኔ ገባኝ።»

የኡመይር እናት እማማ መሪማ ከቤት ወጥተው «ያ ረቢ! ልጄን ገደለብኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። በዚህ መሐል ቀዝቃዛ ውኃ በሁለቱም ላይ ወረደ። አንድ ባልዲ ሙሉ። የተናከሱ ውሾች የሚለያዩት እንዲያ ነው። ደንግጠው ተላቀቁ።

ባልዲውን የያዘችው ፈድሊያ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከወንድሟ ሊተካከል ትንሽ ቀርቶታል። ወደ አልዓዛር አየችና «በርሲሳ» አለችው፤ መምህር ማለቷ ነው። ከዚያ ባዶውን ባልዲ በሁለቱ መሐል ወረወረችው። «ቡናውን ልቀሙ።»

ኡመይር ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ልቀሙ!» አለች። የምትናገረው ጮክ ብላ ነው፤ የራሷን ድምፅ በግማሽ ጆሮ ስለምትሰማው። «ከነደማችሁ ልቀሙት። የዓመቱ ቡናችን ነው።»

ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጣቱ ተሰብሮ፣ ሌላው አፉና ቅንድቡ ተተርትሮ፣ በጉልበታቸው እየሄዱ ቡናውን ከጭቃ ለቀሙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ከአልዓዛር ቅንድብ የሚንጠባጠበው ደም ከእሸት ቡናው ጋር በመልክ አይለይም ነበር፤ ፈድሊያ ከላይ ቆማ የረከሰውን እየለየች ታስጥላቸዋለች።

ባልዲው ሲሞላ አልዓዛር አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቃት። ወደ እሱ አልዞረችም። ደገመው።

«አልሰማሁህም» አለችው። «የቆምከው በግራዬ ነው።»

ዞሮ በቀኟ በኩል ሄዶ ሦስተኛ ጊዜ ተናገረ። አሁን ሰምታለች። «ስድስት ዓመት የት ነበርክ? ዛሬ ምን አመጣህ?» አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ሰኞ ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ አለኝ» አላት።

ኡመይር ደም ተፍቶ ሳቀ። ፈድሊያ አልሳቀችም። «እንዲያ ነው? ለፈተናህ መዘጋጃ አደረግኸኝ?» አለች። «የጆሮዬ ታምቡር ተቀድዶ መግል ሲፈሰኝ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናቸው፤ እኔ አሥረኛ። ይቅርታህን ሰምቻለሁ። መስማትና መቀበል ግን ለየቅል ነው። ከሄድክ አይቀር፣ ለምን እንደለቀቅህ ሲጠይቁህ ስሜን ጥራላቸው።»

እማማ መሪማ ደም የለበሰ እንግዳ ከደጃቸው እንዲሄድ አልፈቀዱም፤ ነውር ነው አሉ። ኡመይርን አዘዙት። ኡመይርም በአንድ እጁ ሞተሩን እየነዳ፣ አልዓዛርን ከኋላው ጭኖ፣ ሁለቱንም ሸቤ ክሊኒክ አደረሰ። በመንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህቴ ባትመጣ ኖሮ ወላሂ እገድልህ ነበር።» አልዓዛርም «እኔም» አለው።

እንግዲህ ሰኞ ፊታችን የተቀመጠው ይህ ሰው ነው። ሦስት ነበርን፤ ወይዘሮ አበራሽ፣ የወላጆች ተወካይ አቶ ከተማ፣ እና እኔ። ወይዘሮ አበራሽ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«ቀድሞ ይሠሩበት የነበረውን ትምህርት ቤት ለምን ለቀቁ?»

«ተማሪ መትቼ ነው የሸሸሁት። ፈድሊያ ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ አይሰማም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረን፤ አለንጋውን፣ ጥፊውን፣ እኅቱን፣ ቡናውን። አቶ ከተማ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሴት ልጁ አምስተኛ ክፍል ናት። ሲሰማ ፊቱ እየጠቆረ መጣ። «እርስዎ...» ብሎ ጀመረና «አንተ!» ብሎ ጨረሰው። ጠረጴዛውን ተሻግሮ ኮሌታውን አንቆ ያዘውና ነቀነቀው። «ልጄን ላንተ? ላንተ ነው የምሰጣት?» በጥፊ ሲለው የከንፈሩ ስፌት ተበጠሰ፤ ደሙ ማመልከቻው ላይ ተረጨ።

አቶ ከተማን ወገቡን ይዤ ስጎትት የአልዓዛርን እጆች አየኋቸው። የወንበሩን ጠርዝ ከሥር ጨብጠዋል፤ አንጓዎቹ ነጥተዋል። አልለቀቀም። ወይዘሮ አበራሽ «አቶ ከተማ! ትምህርት ቤት ነው ይሄ!» ብለው ሲጮኹ ነው ነገሩ የበረደው። አልዓዛር መሀረቡን አፉ ላይ ይዞ ተነሣ፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

ድምፅ ሰጠን። ሦስታችንም አይሆንም አልን። ትክክል እንደነበርን ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን እጄን ሳወጣ የእኔ መሳቢያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የኖረ የውኃ ጎማ ቁራጭ ነበር። ልጆቹ «ገመዱ» ይሉታል። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ያውቁ ነበር፤ እኔም የሚያውቁ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ማንም አላነሣውም።

ከእሱ ቀጥሎ የገባው ወጣት በመልካም አንደበት «እመክራለሁ፣ እከታተላለሁ» አለን፤ ቀጠርነው። ታኅሣሥ ውስጥ የአንድ ልጅ ጣት በማስመሪያ ሰበረ። የልጁ አባት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ አስተማሪውን በተማሪዎች ፊት ቀጠቀጠው፤ እኔ መሐል ገብቼ አንድ ጥርሴን አጣሁ። በዚያ ሳምንት የውኃ ጎማውን ሽንት ቤት ጣልሁት። መጣሉ ቀላል ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ በሥራ ሰዓት ባዶ እጄን አምሳ ልጆች ፊት ስቆም ግን ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

አልዓዛርን ፈልጌ መጋዘኑ የሄድኩት ያኔ ነው። ያ ወጣት ተሰናብቶ ቦታው ክፍት ስለሆነ እንደገና ያመልክት እንደሆነ ልጠይቀው ነበር።

«ገና ነኝ» አለኝ። ከጆንያው አፍ ላይ ወፍራሙን መርፌ ሳይነቅል ነው የመለሰልኝ።

ሌላ ጊዜ ሻይ ጠጣን። የካቲት ላይ ፈድሊያ ደውላለት ኖሯል፤ ቁጥሩን ኡመይር ከክሊኒኩ ካርድ ላይ ይዞታል። ሰላምታ አልሰጠችውም። «የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አልገባ ብሎኛል። ሁለት ዓመት ወስደህብኛል፤ መጥተህ መልስ» አለችው። ከዚያ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሸቤ ይወርዳል። ትምህርቱ በረንዳው ላይ ነው። ኡመይር የተጣመመ ጣቱን ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ላይ ገጀራ አለ፤ እየሳለው ያዳምጣል። እንዲቀመጥ ያዘዘችው ፈድሊያ ናት። አልዓዛር በቀኟ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ አንድን ስሌት አራት ጊዜ አሳይቷት አራቴም ተሳሳተች። አምስተኛው ላይ እርሳሱን ወርውራ ሳቀች። አልዓዛር ቀኝ እጁ በጠረጴዛው ሥር ሲሞቅ፣ መዳፉ ሲዘረጋ ተሰማው። ኡመይር መሳሉን አቆመ። አልዓዛር ምንም ሳይናገር ተነሥቶ በረንዳውን ወርዶ ቡናው መሐል ገባ። የአንድ ዛፍ ግንድ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ቅጠሉ በላዩ እየረገፈ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ። አሥር ደቂቃ ያህል ይሆናል። ሲመለስ ፈድሊያ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ደብተሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች።

«በረደ?» አለችው።

«ትንሽ ቀርቶታል» አላት።

«እንግዲያስ እዚያ ራቅ ብለህ ተቀመጥ» አለች፣ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ። «አምስተኛውን እንደገና አሳየኝ።»